የቫምፓየር ፍቅር ለጀማሪ ደራሲ፦ ስንቅ ወይስ ሱስ?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ አጭር ነው። ልብወለድ ጸሐፊ ለመሆን የምትጥር አንዲት ወጣት የቫምፓየር (የሰው ደም እየመጠጠ የሚኖር፣ የማይሞት የተረት ፍጡር) ፍቅር ተከታታዮችን እየደጋገመች ማንበቧ ለብዕሯ ይበጃታል ወይስ ይጎዳታል? «ይበጀኛል» የምትለው ራሷ አንባቢዋ ናት፤ የመጀመሪያ ልብወለዷን አሥራ አንደኛው ምዕራፍ አድርሳለች። «ይጎዳታል» የሚሉት ዕድሜያቸውን የሰው ረቂቅ ሲያርሙ የኖሩ አርታኢ ናቸው፤ የእሷንም ረቂቅ እስካቆመችበት ድረስ አንብበውታል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጀማሪዋ፦

ጋሼ፣ ክርክር በኑዛዜ አይጀመርም፤ እኔ ግን ከዚያው ልነሣ። «ትዋይላይት» የሚባለውን ባለ አራት ቅጽ ተከታታይ ስድስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አራቱንም፣ ከዳር እስከ ዳር። ሌሎቹን አልቆጠርኩም።

የመጀመሪያውን ጊዜ ያነበብኩት በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው። ሊነጋጋ ሲል ጨረስኩና ወዲያው ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩ። ያኔ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ሦስተኛው ንባብ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ። መጨረሻውን አውቀዋለሁ፤ ማን የማን እንደሚሆን አውቀዋለሁ፤ ታዲያ እንቅልፍ የነሣኝ ምንድን ነው? እርሳስ አንሥቼ ኅዳጉ ላይ መጫር ጀመርኩ። «እዚህ ጋ ልትነግረን ስትል ተወችው።» «እዚህ ጋ በሩ ተንኳኳ።» «እዚህ ጋ ምንም አልሆነም፤ እኔ ግን ጨንቆኛል፤ ለምን?» ደራሲ ለመሆን የወሰንሽው መቼ ነው ብለው ቢጠይቁኝ የማሳይዎት ያን እርሳስ ነው።

ከዚያ እርሳስ የተረፈኝን ዋናውን ልንገርዎ። የፍቅር ታሪክ ያለ መሰናክል አይቆምም። ተዋደዱ፣ ተጋቡ፣ አለቀ ካሉ ይህ ዜና ነው እንጂ ልብወለድ አይደለም። ብዙ ደራሲ መሰናክሉን ከውጭ ያመጣዋል፤ አባት ይከለክላል፣ ሀብት ያበላልጣል፣ ጦርነት ይነሣል። በቫምፓየር ፍቅር ግን መሰናክሉ አፍቃሪው ሰውነት ውስጥ ነው ያለው። በወደዳት ቁጥር ይጠጋታል፤ በተጠጋት ቁጥር ይርበዋል። ወደ እሷ የሚራመዳት አንዲት እርምጃ መሳምም ናት፣ መግደልም ናት። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ካስቀመጧቸው በኋላ ሽጉጥ መምዘዝ፣ በር መስበር አያስፈልግም። ልብ ሰቀላ ማለት ግርግር ይመስለኝ ነበር። ዝምታም ልብ እንደሚሰቅል ያወቅሁት እዚያ ነው።

ደግሞ ሕግ አለ። እያንዳንዱ ተከታታይ የራሱን ሕግ ይደነግጋል፤ ካልተጋበዘ ደጃፍ አያልፍም፣ መስተዋት ውስጥ አይታይም፣ ፀሐይ ትገድለዋለች ወይም አትገድለውም። ደራሲዋ አንዴ ከደነገገች በኋላ ራሷም ትታሰርበታለች። በሁለተኛው ቅጽ የጣሰችውን ሕግ አንባቢ በአራተኛው ቅጽ ይጠይቃታል። እኔ ከነዚህ አንባቢዎች አንዷ ነኝ፤ ይቅርታም አላደርግም።

አርታኢው፦

ልጄ፣ ኑዛዜሽን ተቀብያለሁ፤ የእኔንም ስሚ። ለዚህ ክርክር ስል ሦስት ተከታታይ ተበድሬ አንብቤያለሁ። የመጀመሪያውን ሌሊት አልተኛሁም። ይህን መካድ ነውር ነው። ሰው እንቅልፍ የሚያጣበትን መጽሐፍ «ምንም የለውም» የሚል ሃያሲ ወይ አላነበበም ወይ ይዋሻል።

ነገር ግን ያልተኛሁት እኔ አንባቢው ነኝ። አርታኢው ጠዋት ተነሥቶ የአንቺን ረቂቅ ከፈተ። አበው «ከአህያ የዋለች ጊደር…» ብለው የጀመሩትን ተረት እኔም ጀምሬ፣ መጨረሻውን ለጨዋ አንባቢ ስል እተወዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎችሽ ውስጥ «ቀዝቃዛ» የሚለውን ቃል ቆጠርኩ። 41 ጊዜ። እጁ ቀዝቃዛ፣ ድምፁ ቀዝቃዛ፣ ዝምታው ቀዝቃዛ፣ ሻዩ እንኳ ቀዝቃዛ። ባለታሪክሽ ቫምፓየር አይደለም፤ ዳቦ ጋጋሪ ነው! ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ፊት የቆመ ሰው እጁ ከየት መጥቶ ነው የሚቀዘቅዘው?

ቀጥዬ ምን አገኘሁ? «ልቤ አንድ ምት ዘለለ።» «ይዤው እንደነበር ያላወቅሁትን ትንፋሽ ለቀቅሁት።» እንዲህ ብሎ የሚያወራ ሰው አጋጥሞሽ ያውቃል? ምት የሚዘልል ልብ ሐኪም ዘንድ ነው የሚሄደው። እኛ ስንደነግጥ ልባችን ስንጥቅ ይላል፤ ክው እንላለን፤ ስንራራ አንጀታችን ይላወሳል፤ ስንናፍቅ ሆዳችን ይባባል። ስድስት ጊዜ በተነበበ የባዕድ መጽሐፍ ሥር የራስሽ ቋንቋ ተቀብሮ አየሁት። ይህ የጣዕም ጉዳይ አይደለም። የአንድ ጸሐፊ ሀብቱ ጆሮው ነው፤ የአንቺን ጆሮ ሌላ ሰው ተከራይቶታል።

መሰናክል ላልሺውም መልስ አለኝ። ያመሰገንሽው መሰናክል ተዘጋጅቶ የተሰጠሽ ነው። ረሃቡን አንቺ አልፈለግሺውም፤ ከመደርደሪያ አነሣሺው። ሁለት ተራ ሰዎች፣ ጥርስም ክንፍም የሌላቸው፣ እየተዋደዱ አብረው መሆን ለምን እንደማይችሉ ፈልጎ ማግኘት ነው የልብወለድ ሥራ። እሱ ደግሞ ከባድ ነው፤ መልሱ በየሰዉ ይለያያል። ቫምፓየሩ ከዚህ ድካም ገላገለሽ። የኪራይ ሐሳብ የለበትም፣ አለቃ የለበትም፣ የታመመች እናት የለችውም፤ ገንዘቡን ከስንት ዘመን በፊት አጠራቅሞ ጨርሷል። ቀኑን ሙሉ ሥራው በር ተደግፎ ማፍጠጥ ነው። የአንቺም ጋጋሪ በሦስት ምዕራፍ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ በር ተደግፎ አፍጥጧል። ዳቦው አላረረበትም?

ጀማሪዋ፦

አርባ አንድ አይደለም፤ አርባ ሦስት ነው። አስተያየትዎ እንደደረሰኝ እኔም ቆጠርኩ። አርዕስቱ ሥር ያለችውን እና «ቀዘቀዘች» የምትለዋን ዘለዋታል። የበሩንም ጉዳይ ተቀብያለሁ። ሳነበው ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሰባቱን ሰረዝኩ። ሁለቱ ይቀራሉ፤ ሰው አልፎ አልፎ በር ይደገፋል።

«ከመደርደሪያ አነሣሺው» ባሉት ግን አልስማማም። ይህ ዘውግ ሲወለድ ጀምሮ ከመደርደሪያ በማንሣት ነው የኖረው፤ ትምህርቱም ያለው እዚያ ላይ ነው። ከሥሩ ላውጋዎት።

በ1815 ታምቦራ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱ ሰማዩን ሸፍኖ በቀጣዩ ዓመት አውሮፓ ክረምትና በጋው ተምታታባት። በ1816 ጄኔቫ ሐይቅ ዳር አንድ ቪላ ውስጥ ዝናብ ያገታቸው ወጣቶች እያንዳንዳችን የሙት መንፈስ ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። ሜሪ ሼሊ ገና አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ «ፍራንከንስታይን» የተባለው ልብወለዷ የተፀነሰው እዚያ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው፤ ገጣሚው ሎርድ ባይረን አስከትሎት የመጣው የሃያ ዓመት ሐኪም፣ ጆን ፖሊዶሪ። ባይረን ጀምሮ የተወውን ቁራጭ ታሪክ ይህ ልጅ አነሣው። እስከዚያ ድረስ በገበሬ ተረት ውስጥ ቫምፓየር ማለት ከመቃብር የሚወጣ ያበጠ ሬሳ ነበር። ፖሊዶሪ ሬሳውን አጠበው፣ ሱፍ አለበሰው፣ የመኳንንት ግብዣ ላይ አስቀመጠው። ያ ሁሉ ውብና ገርጣ ያለ ቆንጆ፣ በር የሚደገፈው የእኔው ሰውዬ ጭምር፣ የዚያ ልብስ ወራሽ ነው። ታሪኩ በ1819 መጽሔት ላይ ሲወጣ ምን ተደረገ መሰለዎት? የባይረን ስም ተጻፈበት። የዝነኛ ስም ይሸጣላ! ፖሊዶሪ የእኔ ነው ብሎ ቢጮኽም ከሁለት ዓመት በኋላ በሃያ አምስት ዓመቱ ሞተ። ጀማሪ ጸሐፊ ይህን ታሪክ አንብቦ ሆዱ ካልባባ ምን ይባባል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ አንዲት ሕግ እየነካካ ነው ያለፈው። ብራም ስቶከር በ1897 «ድራኩላ»ን በማስታወሻ፣ በደብዳቤ፣ በቴሌግራምና በጋዜጣ ቁራጭ አዋቅሮ ጻፈ። ሁሉም ሰው ማስታወሻ ይይዛል፤ ድራኩላ ግን የራሱ ማስታወሻ የለውም፤ የምናየው በሚፈሩት ሰዎች ዓይን ነው። ደግሞ በዚያ መጽሐፍ ድራኩላ በቀን ይንቀሳቀሳል! ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ ፀሐይ አትገድለውም። በፀሐይ ብርሃን መሞትን ያስለመደው በ1922 ጀርመን ውስጥ የተሠራው «ኖስፌራቱ» የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ፊልሙ የተሠራው ያለ ፈቃድ ስለነበር የስቶከር ባለቤት ከስሳ፣ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ ይውደሙ ብሎ ወሰነ፤ ጥቂቶቹ አመለጡ። ዛሬ ሁሉም «ጥንታዊ ነው» የሚለው ሕግ ዕድሜው ከሲኒማ ያንሳል። በ1976 አን ራይስ መጣችና ቫምፓየሩ ራሱ ታሪኩን እንዲናገር አደረገች፤ ሚስጥራዊው ጭራቅ ጸጸተኛ ተራኪ ሆነ። በ2005 የትዋይላይቷ ስቴፈኒ ሜየር ፀሐይን ደግማ ገለበጠቻት፤ ቫምፓየሯ ብርሃን ሲያገኘው ያብለጨልጫል። ሰው ሁሉ ሳቀባት። እኔ ግን ድፍረቷ ነው የታየኝ።

ስለዚህ ከነዚህ መጻሕፍት የተማርኩት መገልበጥን አይደለም። ሕግ ሊነካ እንደሚችል፣ አንዲት ጡብ ብትስብ ቤቱ ሁሉ እንደሚንቀሳቀስ ነው።

አርታኢው፦

ያመጣሻቸው ምስክሮች ለእኔ ነው የመሰከሩት።

ስቶከር የቲያትር ቤት ሥራ አስኪያጅ ነበር። ቀን ቀን የተዋናይ ሒሳብና ደብዳቤ ሲያገላብጥ ይውላል። የድራኩላን አገር ትራንሲልቫኒያን በዓይኑ አላያትም፤ «ድራኩላ» የሚለውን ስም ያገኘው በ1890 ለእረፍት በሄደባት ዊትቢ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ከቤተ መጻሕፍት በተዋሰው የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ከዚያ ሰባት ዓመት ማስታወሻ ያዘ፣ የባቡር ሰዓት ሳይቀር። አን ራይስ ያን ልብወለድ የጻፈችው ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጇ በደም ካንሰር ከሞተችባት በኋላ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ የማታድግ ሕፃን ቫምፓየር አለች። ደም፣ የማታድግ ልጅ… ይህን ምንም መደርደሪያ አልሰጣትም። እነዚህ ሰዎች ቫምፓየሩን የቀየሩት ሌላ ቦታ ኖረው፣ ሌላ ነገር ተሸክመው ስለመጡ ነው። አንቺ የምታነቢው ግን የግልባጭ ግልባጭ ነው። ቅጂ በተቀዳ ቁጥር ፊደሉ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ተከታታይነቱስ? በ1845 እና በ1847 መካከል በርካሽ ሳምንታዊ ጥራዝ የወጣውን የቫምፓየሩን የቫርኒን ታሪክ ታውቂዋለሽ? ከ200 በላይ ምዕራፍ አለው። ገበያው እስካለ ድረስ ይሞታል፣ ይነሣል፣ ይሞታል፣ ይነሣል። የቫርኒ አመጣጥ እንኳ አንድ ቦታ ከተነገረው ሌላ ቦታ ይለያል። በመጨረሻ ምን አደረጉት? ቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ውስጥ ራሱን እንዲወረውር አደረጉት። እኔ ይህን የማነበው እንደ መጨረሻ አይደለም፤ የደከመው ጸሐፊ መጮኹ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የአንቺ ባለ አራት ቅጽም ከዚህ አላመለጠም። ረሃቡ ነው ታሪኩን የሚያቆመው ብለሻል፤ ልክ ነሽ። ታዲያ አራተኛው ቅጽ ላይ ልጅቷ ራሷ ቫምፓየር ስትሆን ረሃቡ የት ገባ? ሞተ። ደራሲዋ ምን ቀራት? ከውጭ ጠላት መጥራት፤ ካባ የለበሱ ዳኞች ተሰልፈው መጡ። ይኸው ነው የናቅሺው «ከውጭ የመጣ መሰናክል»። የማይሞት ሰው የሚያጣው ነገር የለውም፤ የሚያጣው የሌለው ሰው ደግሞ ለልብወለድ አይመችም። አርባ ዓመት ቢያፈቅር፣ አራት መቶ ዓመት ቢያፈቅር ያው ነው። እኛ ግን የምናፈቅረው ጊዜ እያለቀብን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በአባትነት ልናገር። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ሰውዬ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ክፍል በመስኮት ገብቶ ስትተኛ ያያታል። በአንቺ ረቂቅ ውስጥ ጋጋሪው እንዲህ ቢያደርግ ኅዳጉ ላይ «ፖሊስ ይጠራ» ብዬ እጽፍ ነበር። ጥርስ ስላለው ነው የሚፈቀድለት?

በነገራችን ላይ፣ ከክርክሩ ባይገባም ለጀማሪ ይጠቅማልና፦ በ1991 የጀመረ አንድ የታወቀ የቫምፓየር ተከታታይ ነበር፤ ኋላ በቴሌቪዥን ተሠራ። ደራሲዋ ኤል ጄ ስሚዝ የጻፈችው በቅጥር ስለነበር ሥራው በውሉ መሠረት የአሠሪዎቿ ንብረት ነበር። በ2011 ከገዛ ተከታታይዋ አነሷት፤ ሌላ ሰው ቀጠለበት። እሷ በኋላ ስለ ራሷ ገጸ ባሕርያት እንደማንኛውም አድናቂ፣ ለአድናቂዎች በተከፈተ መድረክ ላይ ጻፈች። ከፖሊዶሪ ጀምሮ ደም የሚመጠጠው ማን እንደሆነ አየሽ? ውል ከመፈረምሽ በፊት አንብቢው። ስድስት ጊዜ።

ጀማሪዋ፦

የመጨረሻዋን አጥብቄ ይዣታለሁ። አመሰግናለሁ፣ ጋሼ።

ስለ መስኮቱ እውነቱን ልንገርዎ። በአሥራ አራት ዓመቴ ያ ትዕይንት ከሁሉ የሚያምረው መስሎኝ ነበር፤ የሚጠብቀኝ ሰው መሰለኝ። አራተኛው ንባብ ላይ፣ ሃያ ዓመት ሲሆነኝ፣ ያንኑ ገጽ ገልጬ ጀርባዬ ላይ ብርድ ነገር ሄደ። የተቀየረ ቃል የለም። የተቀየርኩት እኔ ነኝ። ለምንድን ነው ያኔ ያልፈራሁት ብዬ ትረካውን ስመረምር፣ ተራኪዋ በአንደኛ መደብ የምትናገረው አፍቃሪ ስለሆነች ነው። ፍርሃቷን ራሱ እንደ ፍቅር ነው የምትነግረን። ተራኪ ሳይዋሽ ሊያሳስት እንደሚችል ማንም አስተማሪ እንደዚያ አላሳየኝም። ደራሲዋ ያሰበችው ይሁን አይሁን ግድ የለኝም፤ እኔ አግኝቼዋለሁ። መጽሐፉን ከእጄ ነጥቀውኝ ቢሆን ኖሮ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ያመነችውን እንዳመነች ትቀር ነበር።

አሁን ወደ ጋጋሪው ልመለስ፤ ብዙ ስለሳቁበት።

አራተኛው ምዕራፍ ኅዳግ ላይ የጻፉልኝን ያስታውሳሉ? ሌሊት ሌሊት የሚሠራው ጋጋሪና ቀን ቀን የምታስተምረው መምህርት የሚገናኙበት ምዕራፍ ነው። እሱ ከፈረቃ የሚወጣው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ እሷ ወደ ሥራ የምትሄደው ፀሐይ ስትወጣ ነው። መሀል ላይ ግማሽ ሰዓት አለቻቸው። እሱ እጁ ዱቄት ነው፣ እሷ ለክፍል የለበሰችው ጥቁር ቀሚስ ነው፤ ሊነካት ይፈልጋል፣ ከነካት የጣቱ ምልክት ቀሚሷ ላይ ቀርቶ ተማሪ ሁሉ ያየዋል። ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ አይነካትም። እርስዎ እዚያ ላይ በቀይ «ይህ የራስሽ ነው፤ ከማንም አልመጣም» ብለው ጻፉ።

ከየት የመጣ መሰለዎት? ጎሕ ሲቀድ ማለቅ ያለበት ግንኙነት። ቢነካት ምልክት የሚተው እጅ። የሌሊት ሰውና የቀን ሰው። ጥርሱን ነቅዬ ዱቄት አለበስኩት፤ ሌላ ምንም አላደረግሁም። ፖሊዶሪ ሬሳውን ሱፍ እንዳለበሰው።

ኪራይ የለውም፣ አለቃ የለውም፣ እናት የለችውም ያሉት ደግሞ እኔንም ለዓመታት የከነከነኝ ነው። ስድስት ጊዜ ሳነብ ይህ ሰው ምን ሠርቶ ይበላል እያልኩ ነበር። ለዚህ ነው ባለታሪኬን ሥራ ያስያዝኩት። የምንወደው መጽሐፍ የጎደለው ነገር ያስርበናል። እኔን መጻፍ ያስጀመረኝ ያ ረሃብ ይመስለኛል።

አርታኢው፦

ተይዣለሁ። ኅዳጉን ገልጬ አየሁት፤ በገዛ እጄ፣ በቀይ፣ አጋኖ ምልክት ሳይቀር። «ከማንም አልመጣም» ማለቴን እሰርዛለሁ፤ «ይህ የራስሽ ነው» የሚለውን ግን አልሰርዝም። ሁለቱ አብረው እውነት መሆን እንደሚችሉ በዚህ ዕድሜዬ ካንቺ መማሬ ትንሽ ያበሳጨኛል።

ሆኖም አልለቅሽም። አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ላይ ከቆምሽ አራት ወር ሆነሽ። ለምን እንደቆምሽ ልንገርሽ? ዐሥረኛው ላይ ለጋጋሪው የቀን ፈረቃ ሰጠሺው። አለቃው ጠርቶ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቀን ትገባለህ» አለው፤ እሱም ደስ አለው፣ መምህርቷም ደስ አላት፣ አንቺ ግን ብዕርሽ ደረቀ። ምን እንዳደረግሽ ይታይሻል? ነከስሺው። ያ ባለ አራት ቅጽ ልጅቷን ነክሶ ረሃቡን እንደገደለው፣ አንቺም ጎሑን ገደልሺው። አሁን ከሰዓት በኋላውም ምሽቱም የእነሱ ነው። የሚያጣድፋቸው የለም፣ የሚከለክላቸው የለም። እነዚያ መጻሕፍት እንዴት እንደሚጀመር፣ እንዴት እንደሚጓተት፣ ልብ እንዴት እንደሚሰቀል አስተምረውሻል። እንዴት እንደሚጨረስ ግን አላስተማሩሽም፤ ራሳቸውም አያውቁትማ! ስድስተኛውን ጊዜ ያነበብሺው በእነዚህ አራት ወራት ውስጥ እንደሆነ እገምታለሁ። መጻፍ ሲያቅት መደበቂያ ነው፤ እኔም መደበቂያ አለኝና አውቀዋለሁ።

ታዲያ አሁን ምን ልታመጪ ነው? ካባ የለበሱ ዳኞች?

ጀማሪዋ፦

በእነዚያው ወራት ነው፤ አልዋሽም። መጨረሻ ፍለጋ ነበር የገባሁት። የለም። እንዳሉት ነው።

ግን ስፈልግ ሌላ ነገር አየሁ። ሜየር በ2003 ያየችው ሕልም ነው የታሪኩ መነሻ፤ ሣር ሜዳ ላይ አንዲት ልጅና አንድ ቫምፓየር ተቀምጠው እንደሚዋደዱና እንደሚፈራሩ ሲያወሩ። ያ ሕልም አሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ ሆነ። ከዚያ ወደ ፊት እስከ መጨረሻው ጻፈች፤ ከዚያ ነው ወደ መጀመሪያው የተመለሰችው። እኔ በተራ ካልጻፍኩ የምሞት ይመስለኝ ነበር። አሥራ አንደኛውን ትቼ መጨረሻውን ብጽፍስ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ደራሲዋ የዘለለችውን ክፍል ፈለግሁ። አራተኛው ቅጽ ላይ ልጅቷ ከተለወጠች በኋላ አዲሱ ጉልበቷ አለ፣ ልጅ አለ፣ ጠላት አለ። ጠላቱ ከሄደ በኋላ ያለችው ተራ ጠዋት ግን የለችም። ሁለት የማይሞቱ፣ የማይተኙ ሰዎች፣ ምንም በማይመጣበት አንድ ማክሰኞ ምን ይባባላሉ? እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ረሃብ ነበር የሚያናግራቸው። እሷ ከዚያ ጠዋት ሸሽታ ወደ ዳኞቹ ሄደች፤ እኔ በዚያው ጠዋት ነው መግባት የምፈልገው።

ስለዚህ ጋጋሪው የቀን ፈረቃውን ወስዷል። ቤት ተከራይተዋል፣ አብረው ይተኛሉ። እሱ ግን በልማድ፣ ድሮ ከምድጃው ይወጣባት በነበረችው ሰዓት ይነቃል። ማንንም እንዳይቀሰቅስ በባዶ እግሩ ወጥ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። ዱቄት የለም፤ እጁ ንጹሕ ነው። እሷም ነቅታለች፤ ወንበሩ ሲጎተት ሰምታለች። ግማሽ ሰዓት አላቸው። ድሮ ለዚች ግማሽ ሰዓት ስትል ቁርሷን ትተው ነበር። አሁን አልጋው ላይ ሆና መስኮቱ ሲነጣ ታያለች፤ ትነሣ እንደሆነ እሷም አታውቅም።

እዚያ ላይ ነኝ። ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ፤ አራተኛው አስፈርቶኛል።

አርታኢው፦

ሦስቱን ገጽ ላኪልኝ። «ቀዝቃዛ»ን እቆጥራለሁ።